ፀሐይ ላይ «ዝናብ» ያለችው መርከብ

ስማኝማ ወዳጄ፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ዲላ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚያልፉበት መንገድ ዳር ሞባይል እጠግናለሁ፣ «ስልኬ ለብቻዋ ታወራለች፣ የሆነ ነገር ገብቶባታል» እያለ የሚመጣ ደንበኛ ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ፣ ስከፍታት ወይ ውሃ ገብቶባታል ወይ ባትሪዋ አብጧል፣ ሌላ የለም። ጂን መኖሩን እንደ ሙስሊምነቴ አምናለሁ፣ ኢንተርኔት ይጠቀማል ብትለኝ ግን ከሱቄ ነበር የማባርርህ። እና ይህን የማወራህ እኔው ነኝ፣ ልብ በል።

ነገሩ የጀመረው በጌም ነው። ድረ ገጽ ላይ ከፍተህ የምትገባበት፣ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ያለ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው የጠፈር ጌም አለ፤ መርከብ ይሰጥሃል፣ ከአንዱ ኮከብ ማዕድን ጭነህ ሌላው ኮከብ ላይ ትሸጣለህ፣ መንገድ ላይ ሽፍታ ከገጠመህ ትታኮሳለህ፣ ሲጨንቅህ ለጓደኞችህ ትጽፋለህ። ያስለመደኝ ምትኩ ነው። ምትኩ የጌዴኦ ልጅ ነው፣ ተማሪ ሳለ ስልኩን ሊያሠራ እየመጣ ተላመድን፣ አሁን ኢዲዶ የሚባል ገጠር ቡና ማድረቂያ ላይ ተቆጣጣሪ ነው፣ ከወንድሜ ለይቼ አላየውም። ጠፈር ላይ እኔ እጭናለሁ፣ እሱ ያጅበኛል።

ታዲያ እነሱ ጋ አንድ ደንብ አለ፤ የተሰጣ ቡና ላይ ዝናብ ከመጣ አንዱ «ዝናብ!» ብሎ ይጮሃል፣ ያን ጊዜ መንገደኛም ሁን፣ የተኳረፍክም ሁን፣ የያዝከውን ጥለህ የመሸፈኛውን ላስቲክ ጫፍ ትይዛለህ፣ ቡናው እስኪሸፈን ጠብ የሚባል የለም። ምትኩ ይህን ደንብ ጠፈር ድረስ ይዞት ወጣ! ጨዋታው መሃል «ዝናብ» ብሎ ይጽፍና ቡናውን ሊሸፍን ይሮጣል፣ መርከቡ ባዶዋን ትቀራለች፣ እኛ ዙሪያዋን ቆመን እንጠብቃታለን። እያደር ትርጉሙን የማያውቁት ፈረንጆች እንኳን፣ ጠላቶቻችን ሳይቀሩ፣ ያቺን ቃል ሲያዩ መተኮስ ተዉ። ወላሂ አልዋሽህም።

አንድ ማክሰኞ ከዙህር ሰላት ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰማይ ላይ የደመና ዘር የለም። የምትኩ ስልክ ፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ተሰብሮበት ቅዳሜ ትቶልኝ ሄዷል፣ እኔም በታትኜዋለሁ፣ ባትሪው እዚህ፣ ቦርዱ እዚያ። በሌላ ስልክ ጌሙ ውስጥ አይገባም፣ የይለፍ ቃሉን እሱ ራሱ ረስቶታል፣ ስልኩ ነው የሚያስታውስለት። በኮምፒውተሬ ጌሙን ከፍቼ ዕቃ እየጫንኩ ሳለ «ጥ» አለ። ጓደኛ ሲገባ የሚሰማ ድምፅ ነው። ቀና ብዬ ሳይ የምትኩ መርከብ መብራቷን አብርታለች።

«አይደረግም» አልኩ ለራሴ። ከወደቧ ተነሳች፣ ቀስ እያለች መጣች፣ ከመርከቤ በስተግራ ቆመች፣ ምትኩም ሁልጊዜ የሚቆመው በግራዬ ነው። ከዚያ «ጥ»፤ «ዝናብ» ብላ ጻፈች።

ደሜ ፈላ። የሰው አካውንት የሚሰርቁ አሉ፣ የጓደኛዬን ሰርቀው ሊያሾፉብኝ መጡ ብዬ መድፌን አነጣጠርኩባት። መተኮስ ግን አቃተኝ። ዝናብ ተብሏላ! እየተነጫነጭኩ ስልኬን አነሳሁ፣ «ተሰርቀሃል» ልለው፤ ያለኝ ቁጥር አብራው የምትሠራው የአስቴር ነው።

«አስቱዬ፣ ምትኩን አገናኚኝ።»

«ምሳውን በልቶ ታች ወንዙ ዳር፣ ዘበኛው ቤት ጋደም ብሏል። እዚያ ኔትወርክ የለም፣ ማታ ደውል።»

«እናንተ ጋ ዝናብ አለ እንዴ?»

«ኧረ የምን ዝናብ! እንዲህ ያለ ፀሐይ ከየት ይገኛል፣ ቡናውን በሙሉ ገልጠነዋል።»

ኮምፒውተሩ ግን አላቆመም፤ ጥ፣ ጥ፣ ጥ። «ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።» ጸጉሬ ቆመ። «በናትሽ ቀስቅሺውና ወደ ላይ ይውጣ» አልኳት፣ እያጉረመረመች ዘጋችው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከኮረብታው ላይ፣ ከማድረቂያው፣ በአስቴር ስልክ ደወለልኝ። «ምነው ሰውዬ፣ እንቅልፌን!» አለ። «አካውንትህን...» ብዬ ሳልጨርስ ከወዲያ ማዶ ጉርምርምታ ሰማሁ፣ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ ዳገት የሚወጣ ይመስላል፣ ከዚያ የአስቴር ጩኸት። ምትኩ «ቤቷ የለችም» አለኝ። የዘነበው እነሱ ከማያዩት ከላይኛው አገር ኖሯል፣ ደራሽ ጎርፍ ወርዶ ያቺን የዘበኛ ቤት ከነቆርቆሮዋ ጠርጎ ወሰዳት። ሌላ ሰው አልነበረባትም፣ አልሐምዱሊላህ።

ወደ ኮምፒውተሬ ስዞር ምን አየሁ መሰለህ? በመርከቧ ዙሪያ ሌሎች መርከቦች ቆመዋል፣ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ፤ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው፣ ትናንት የተታኮስናቸው፣ ሁሉም መድፋቸውን አጥፍተው መብራታቸውን አብርተው ጸጥ ብለዋል። ሱብሃነላህ! ዕንባዬ መጣ፣ አልደብቅህም። በዚያ ጸጥታ መሃል «ጥ» አለ። «ወጣ?» ትላለች።

«ወጣ» ብዬ ጻፍኩ።

ደግሞ «ጥ» አለ። «አንተስ?»

መብራቷ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ምትኩ መጣ፣ ስልኩን ገጣጥሜ ሰጠሁት፣ ከፍቶ ሲገባ መርከቡ ቅዳሜ ባቆማት ወደብ ላይ ናት፣ ንቅንቅ አላለችም፣ የጻፈችውም ነገር የለም። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁሉም ቃል አለ። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ብለህ መለስክላት?» አለኝ።

ምን እመልሳለሁ? ሱቄ ከወንዝ የራቀ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ከየት ነው የምወጣው? ይኸው ከዚያ ወዲህ ደመና ሲሆን ደስ ይለኛል፣ የምፈራው ፀሐይ የበረታ ቀን ነው። ወንበሬን ከበሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ፣ መልሱንም እስካሁን አልጻፍኩም።