ኪስ ውስጥ የነበረው እጅ

በሩን የከፈተላት ቀጭን ሰው ገና አፏን ሳትከፍት አቋረጣት።

«ለአለቃሽ ንገሪው፤ ውድድሩ ቀርቷል። የጊታር አምፕሊፋየር ከፈለገ ሌላ ቦታ ሄዶ ይግዛ።»

«የቱ አለቃዬ?»

«ባለ ሙዚቃ ዕቃ ሱቁ ነዋ! ሦስቱን አወዳድረሽ አንዱን እንድትመርጪ አይደል የላከሽ? የሚወዳደር ነገር የለም። ወንድሜ ሞቷል። ሂጂ በቃ።»

ሴትየዋ መታወቂያዋን አውጥታ አሳየችው። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ በሩን በመክፈት ፈንታ ይበልጥ ገርበብ አደረገው።

«ፖሊሶች እኮ መጥተው አይተውታል። አደጋ ነው ብለዋል።»

«እኔ ገና አላየሁትም» አለች መርማሪዋ፤ ትከሻዋን አስቀድማ ገባች።

የሟቹ መሥሪያ ቤት ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። የተቃጠለ እርሳስና የአሮጌ ጣውላ ሽታ አለው። ሰፈሩ ሁሉ ሟቹን «ጋሽ አምስት» ይለው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ከአምስት ዋት የሚበልጥ አምፕሊፋየር ሠርቶ አያውቅምና። የሚሠራቸው እንደ ድሮ ሬዲዮ በሚፍሙ የመስታወት ቲዩቦች የሚጮኹ ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ። ትልቅ አምፕሊፋየር ይዞ የመጣበትን ሰው «ስታዲየም ገዝተሃል እንዴ?» እያለ ይመልስ ነበር።

አሁን ጋሽ አምስት በሥራ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ክዳኑ በተነሣ አምፕሊፋየር ውስጥ ገብቷል። ግራ እጁ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነው። የአምፕሊፋየሩ ስፒና ከሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ሁለት ሌሎች አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አጠገባቸው አንድ ጊታር ግድግዳ ተደግፏል። በመካከላቸው የአንድ ሳጥን ቦታ ባዶ ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ከተከፈተው ሳጥን ውስጥ በሁለት ጫፉ ጥርሳም መቆንጠጫ ያለው አጭር ሽቦ አየች። አንዱ ጫፍ የሳጥኑን የጥግ ብሎን ነክሷል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቶ የአንድ ነገር እግር ይዟል። ምን እንደሆነ አላወቀችም። ቀጥላ የሟቹን ግራ እጅ ቀስ ብላ ከኪሱ አወጣች። በጣቶቹ ጫፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ፣ የጠቆረ መስመር ተጋድሟል። ቀኝ እጁን ደግሞ አየች፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ብቻ የምስር ፍሬ የምታህል ቃጠሎ አለች። ለማንም ምንም ሳትል ግራ እጁን ወደ ኪሱ መለሰችው።

«ማነው ይህን የሠራው?» ብላ የተከፈተውን ሳጥን አሳየች።

መልስ የሰጣት በር ላይ እጁን አጣጥፎ የቆመው የሟቹ ሸሪክ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በጋሽ አምስት እጅ የተማረ ሰው ነው። በአገጩ ወደ ግቢው ጠቆመ።

«ያቻትና። ልጁ። መጀመሪያ የሠራችው ዕቃ የገዛ አባቷን በላ።»

«አምስት ዋት ሰው ይገድላል እንዴ?»

ሸሪኩ በአፍንጫው ሳቀ። «ዋቱ የድምፁ ነው፣ እመቤት። ውስጡ ያለው ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ነው። እነዚህን ያያሉ? ካፓሲተር ይባላሉ። ስፒናው ቢነቀልም ያጠራቀሙትን ይዘው ይቆያሉ። ቀስ እያለ የሚያፈስላቸው ሬዚስተር ይደረግላቸዋል። እሷ አላደረገችም። አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቀጭቃት ነበር።»

«ኪሱ ውስጥ ያለው እጅስ?»

«የጋሼ ሕግ ነው። የተከፈተ ዕቃ ስንነካ አንድ እጅ ኪስ ይገባል። ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ከተሻገረ ልብ ላይ ነው የሚያልፈው። እኔን በኩርኩም ነው ያስተማረኝ።»

«ልጁንስ?»

«እሷን ማን ይናገራታል! እኛ በመቆንጠጫ ሽቦ በሥርዓት የምናፈሰውን እሷ በካቻቢቴ ታፈነዳዋለች። ጧ! እሳቱን ስታይ ደስ ይላታል። እንግዲህ ደስ ይበላት።»

«እርስዎ ዛሬ ጠዋት እዚህ ገብተው ነበር?»

«ጋሼ ጠዋት ሲያዳምጥ ሰው አያስገባም። እኔ ወንድሙ ሲጮህ ነው ከቤቴ የመጣሁት። ዕቃም አልነካሁ፣ እሱንም አልነካሁ።»

ልጅቷ ግቢ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከሷ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታት ቆማለች። መርማሪዋ ስትጠጋ መጀመሪያ የተናገረችው እናቲቱ ናት።

«ያንን ሳጥን ከቤቴ አውጡልኝ። እሷንም ከፈለጋችሁ አብራችሁ ውሰዱልኝ።»

«ጠዋት የት ነበረች?»

«ከእኔ ጋር ልብስ ስታጥብ። ግን ምን ዋጋ አለው? እጇ እዚህ ቢሆንም ሥራዋ እዚያ ነበር።»

«እማዬ…»

«እማዬ አትበይኝ!»

መርማሪዋ ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሽቦውን ነገር በጣቷ አየር ላይ እየሣለች ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀና ሳትል መለሰች።

«ማፍሰሻ ነው። አንዱ ጫፍ ብረቱን፣ ሌላው ካፓሲተሩን ይይዛል። እሱ ከተያዘ ውስጡ ባዶ ነው።»

«ከተያዘ በኋላ እጅ ቢገባ?»

«ምንም። ሕፃን ልጅ ቢጫወትበትም ምንም አይሆን።» ከዚያ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። «አባዬ ሳይዘው ቀርቶ ነው። ሬዚስተሩን ነገ አደርገዋለሁ፣ ነገ አደርገዋለሁ እያልኩ… እኔ ነኝ የገደልኩት።»

መርማሪዋ ልጅቷን ልታጽናናት ፈለገች፤ ግን ገና ነበር። ተነሥታ በሩን ወደ ከፈተላት ጊታሪስት፣ ወደ ሟቹ ወንድም ሄደች። እሱ በሩ ላይ ሲጋራ እያጨሰ ነበር።

«ሲያገኙት ምን ነኩ?»

«እኔ? ከደጃፉ ሆኜ ነው የጮኽኩት። ጊታር መምታት እንጂ የነዚህን ሳጥኖች ሆድ ዕቃ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግ።»

«ሦስቱ የማን የማን ናቸው?»

«አንዱ የወንድሜ፣ አንዱ የሸሪኩ፣ አንዱ የዚያች የምስኪን። ባለሱቁ ከሦስቱ አንዱን መርጦ በብዛት ሊያሠራ ነበር። ትናንት ለራሳችን ሞከርናቸው። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የመታሁት እኔ ነኝ፤ የቱ የማን እንደሆነ እነሱ አያዩም።» ጭሱን ለቀቀና ያለ ደስታ ሳቀ። «ሸሪኩ ሦስተኛውን ሰምቶ ብድግ አለ። ‹ይሄ የኔ ነው! ድምፁን የማላውቀው መሰላችሁ? እዚህ ቤት እንዲህ የሚሠራ ሌላ ማን አለ?› አለ። መጋረጃውን ገለጥኩት። የልጅቷ ሆኖ ተገኘ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቅንበት። እኔ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ‹እንግዲህ ወንበሬን ለማን እንደምለቅ አንተው መረጥክልኝ› አለው። ሸሪኩ እንደ በርበሬ ቀላ። ‹እንደገና ይሰማ! የኔን ካንተው ጋር ጎን ለጎን አድርገህ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርገህ ስማው› ብሎ ለመነው። ወንድሜም ጠዋት እሰማዋለሁ አለ።»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ብቻዋን ቆየች። ከመጋረጃው ኋላ ያሉትን ሁለት ሳጥኖች መረመረች፤ የሁለቱንም ስፒና ፈትታ ውስጣቸውን አየች። የልጅቷን ሳጥን በባትሪ አብርታ ተመለከተች። አስከሬኑ ሲነሣ መቆንጠጫ ሽቦውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ አራቱንም አስጠራች።

የገቡት እየተገፋፉ ነበር። ሚስቲቱ ከልጇ ጎን ላለመቆም ግድግዳ ያዘች። ጊታሪስቱ ሸሪኩን «ትንሽ ጠጋ በል እንጂ፣ ክፍሉን ገና አልወረስከውም» አለው።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች መርማሪዋ ወደ ሸሪኩ ዞራ በለሰለሰ ድምፅ። «የገደለው ቦታ በትክክል የቱ ጋ ነው? በጣትዎ ነክተው ያሳዩኝ።»

ሸሪኩ ተንፍሶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ግራ እጁ ኪሱ ገባ። በቀኙ ሽቦውን አነሣ፤ አንዱን ጥርስ የጥግ ብሎኑ ላይ፣ ሌላውን የካፓሲተሩ እግር ላይ አስነከሰ። ከዚያ ጣቱን አስገባ።

«ይሄው። እዚህ ጋ።»

«ሽቦውን ለምን አስነከሱት?»

«እ?»

«ስፒናው ተነቅሏል። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ደግሞ ውስጡ የነበረው ጋሽ አምስት ላይ አልቋል። ለምን?»

«ልማድ ነው» አለ ሸሪኩ። «እጄ ራሱ ነው የሚያደርገው።»

«አውቃለሁ። ጠዋትም እጅዎ ራሱ ነው ያደረገው።»

መርማሪዋ ወደ መቆንጠጫ ሽቦው ጠቆመች።

«እዚህ ስገባ ሽቦው አሁን እርስዎ ያስነከሱበት ቦታ ላይ ነበር» አለች። «ጋሽ አምስት አስነክሶት ከሆነ ይህ ሳጥን ሊገድለው አይችልም። እሱ ካላስነከሰው ሌላ ሰው አስነክሶታል። ወንድሙ ሽቦው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ባለቤቱ ልብስ ሲያጥቡ ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ነበረች፤ ባትሆንም እሷ በካቻቢቴ ነው የምታፈነዳው ብለው እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። እውነትዎን ነው፤ የእሳቱ ጠባሳ የዚህ ካፓሲተር እግር ላይ ይታያል።»

«ጋሼ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው…»

«ከሞተ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ተስማምተናል።»

ጊታሪስቱ ሲጋራውን ወለሉ ላይ ጥሎ ረገጠው። «ታዲያ ወንድሜ በምን ሞተ?»

«በማወዳደር። አንድ አምፕሊፋየር ብቻ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ዕቃ ነው የሚነካው። የሚያወዳድር ሰው ሁለት ይነካል። ጋሽ አምስት ጊታሩን የዚህ ሰው አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ አደረገ። የዚህ ሰው ስፒና ውስጥ፣ ለደኅንነት ከሳጥኑ ብረት ጋር የሚያያዘው የመሬት ሽቦ ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ስለዚህ የሳጥኑ ብረትና የጊታሩ ክሮች ኃይል ነበራቸው። አንድ እጅ ብቻ የነካ ሰው በደረቅ ጣውላ ላይ ቆሞ ምንም ላይሰማው ይችላል። ቀጥሎ በቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የራሱን አምፕሊፋየር የብረት ማብሪያ ያዘ፤ ኃይሉ ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሮ በልቡ ላይ አለፈ።»

ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ ከዚያ አንዱን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ኪስ ውስጥ ያለ እጅ አይቃጠልም። የሟቹ ግራ እጅ ላይ ግን የጊታር ክር ቃጠሎ አለ። ገዳዩ ስፒናውን አስተካከለ፤ ቢሆንም የመሬቱ ሽቦ ጫፍ ጠቁሯል፣ ብሎኑም ዛሬ የተፋቀ ነው። ከዚያ ሬሳውን ወደ ልጅቷ ሳጥን አመጣ። ጥፋቱ እሷ ላይ እንዲወድቅ። ስፒና ነቀለ፣ ሽቦ አስነከሰ፣ ግራውን እጅ ኪስ ከተተ። ጋሽ አምስት ያስተማረውን ጥንቃቄ ሁሉ ለሬሳው አደረገለት። ማንም ሊሞት የማይችልበትን አደጋ ነው የሠራው።»

ሸሪኩ ጣቱን ከሳጥኑ ውስጥ አላወጣም ነበር። አሁን አወጣው።

«ሳላየው የኔ ነው አልኩ» አለ። ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነው። «በገዛ አፌ። አንቺን የምታህል የትናንት ልጅ የሠራችውን! ካቻቢቴ መያዝ የማታውቂ!»

«ጋሼ እልህ ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «መበየድ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ለዚያ ነው የሚመሳሰለው።»

ፖሊሶች የሸሪኩን እጆች ሊያስሩ ሲሉ ግራው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መርማሪዋ ራሷ ነች ያወጣችው።

እናቲቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። ልጇ አጠገብ ደርሳ ቆመች፤ ልትነካት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። «አጥበሽ ያልጨረስሽው ልብስ አለ» አለቻት።

ሳጥኑ ከፖሊስ ጣቢያ የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ልጅቷ ክዳኑን አነሣች፤ ግራ እጇን ኪሷ ከተተችና መቆንጠጫ ሽቦውን አስነከሰች። ከዚያ የጎደለውን ሬዚስተር በየደችበት።