የባሕሩን ቆሎ የበላሁ ለት

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ ከእኔ በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምተኸው ይሆናል፣ የሰማኸው ደግሞ ውሸት ነው። አትላንታ ዳር፣ ስቶን ማውንቴን ያለ ሐበሻ ሁሉ ጋሽ ሙሔ ይለኛል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም፣ ነገር ግን እንግሊዝኛን ከሬዲዮ፣ ሞተርን ከተበላሸ መኪናዬ፣ የቧንቧ ሥራን ከፈነዳ ቧንቧዬ ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። መሐል ከተማው ሚድታውን ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ስነዳ አንድም ቀን መንገድ ጠይቄ አላውቅም። ዋናንም ያስተማረኝ የለም። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው የተወለድኩት፣ በሰባት ዓመቴ መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ እንቁራሪት እግሯን እንዴት እንደምትመታ ሳይ ዋልኩና በማግስቱ ገብቼ ዋኘሁ። እንቁራሪቷ ሰርተፍኬት አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

በጂን ነገር ደግሞ አቋሜ የታወቀ ነው። መኖራቸውን ቁርኣን ነግሮናልና አልክድም፣ ግን ከእኔ ጋር ምን ጉዳይ አላቸው? የአገሬ ሰው «ሐይቁ በየዓመቱ አንድ ሰው ይወስዳል» ሲል እኔ «የሚወስደው መዋኘት የማይችለውን ነው» እያልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርህን ስነግርህ፣ ወላሂ፣ ለወሬ ብዬ አይደለም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በምንኖርበት አፓርታማ ፑል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን ዋና አስተምራለሁ። ስድስት ሰመር፣ ማለትም ስድስት የሙቀት ወቅት አስተማርኩ፣ ስድስት ሰመር ሙሉ አንድም ልጅ ውሃ አልዋጠብኝም። ባለፈው ሰመር ታዲያ የልጆቹ ወላጆች ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ጠሩኝና፣ ጥብሱን እያቀረቡልኝ፣ የዋና ክፍሉን ለቃሌብ ልንሰጠው ነው አሉኝ። ቃሌብ ማለት የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ የላይፍጋርድ፣ የዋናተኛ ጠባቂ ሰርተፍኬት አለው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ፊሽካ አለ፣ በቃ ያለው ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ በእርስዎ ላይ ምንም ነገር የለኝም፣» አለኝ። «ኢንሹራንሱ ነው፣ ፔፐር፣ ወረቀት ይፈልጋሉ።»

«ልጅ ሲሰምጥ ፔፐሩን ነው የምትወረውርለት?»

ሰዉ ሳቀ፣ ማንም ግን ሐሳቡን አልቀየረም። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ፑል የሕፃን ገንዳ ነው፣» አልኩ፣ «ባሕር እንሂድና ማን ዋናተኛ እንደሆነ ይታይ!» ቃሌብም አፍሮ ይሁን ፎክሮ አላውቅም፣ «ኦኬ ጋሼ፣ ውቅያኖስ ላይ ሳንድባሩ ድረስ ዋኝተው ከተመለሱ፣ እኔ ራሴ ለወላጆቹ ተውት እላቸዋለሁ» አለ። ሳንድባር የሚለው ከባሕሩ ሥር አሸዋ የተቆለለበትን ቦታ ነው፣ ከዳር መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ሰው ሊቆምበት ይችላል። እዚያ ደርሼ፣ ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ አጨብጭቤ መመለስ፣ ውላችን ይህ ነው። ዳኛ የሐይቁ አብሮ አደጌ እንድሪስ ሆነ፣ እሱ እንኳን ባሕር ሊገባ፣ ሻወር የሚገባውም ቢስሚላህ እያለ ነው።

የቃሌብን ከሥራ መውጣት ስንጠብቅ፣ ከዚያ ሰባ አምስት በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ሲያንቀን፣ ከዚያ ሳቫና ድረስ በጥድ መሐል ያንን የማያልቅ ቀጥ ያለ መንገድ ስንነዳ፣ ባሕሩ ዳር ስንደርስ ድቅድቅ ጨለማ ሆኗል። ጨረቃ የለም።

«ኖ ዌይ ጋሼ፣ ጠዋት እናደርገዋለን» አለ ቃሌብ።

«በቀንማ ባዶ ጀሪካንም ይዋኛል!» አልኩት።

ጫማዬን ሳወልቅ እንድሪስ መጣና በፌስታል የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠ፣ ገብስና ሽንብራ የተቀላቀለበት ቆሎ ነው።

«ምንድን ነው?»

«እናቴ ሐይቅ ስንገባ እፍኝ ትበትን እንደነበር ረሳኸው? ሐይቁስ ያውቀን ነበር። ይሄኛውን አንተም አታውቀውም፣ እሱም አያውቅህም። በትንለትና ግባ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አትላንታ ሠላሳ ዓመት ኖረህ…»

«ሙሔ፣ በትን ብዬሃለሁ። ለእኔ ስትል።»

ጀርባዬን ሰጠሁትና ወደ ውሃው ሄድኩ። ልብ በል፣ እራት አልበላሁም፣ ቆሎው ደግሞ አዲስ የተቆላ ነው፣ ይሸታል። ባሕሩ ጥርስ የለውም፣ እኔ ግን አለኝ፣ በዚህ ዕድሜ ሁሉም የራሴ ናቸው። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እየላሰኝ ቆሜ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ቆረጠምኩት።

«በተንክ?» አለ እንድሪስ ከኋላ።

«በተንኩ» አልኩ። ፌስታሉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ገባሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላይ የነበረውን ደስታ በሕይወቴ አላገኘሁትም። የጨው ውሃ ሰውን እንደ ሕፃን ያዝላል፣ ክንዴን ባወጣሁ ቁጥር ውሃው እንደ ክብሪት ብልጭ ይላል፣ ሰማዩ የት እንደሚያልቅ ባሕሩ የት እንደሚጀምር አይለይም፣ ሰውነቴ የሃያ ዓመት ልጅ ሰውነት ሆነ። አንድ ነገር እግሬን ዳሰሰኝ፣ ቅጠል ነው አልኩ፣ ባሕር መሐል ቅጠል ከየት መጣ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ከዚያ እግሬ አሸዋ ነካ፣ ቆምኩ፣ ውሃው እስከ ወገቤ ነበር። ሦስት ጊዜ አጨበጨብኩ፣ ከዳር እንድሪስ «ሰምተናል!» ሲል ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኖ መጣ።

በቀኜ በኩል፣ ክንድ ብዘረጋ የምነካው በሚመስል ቅርበት፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

የራሴ ጥርስ መሰለኝ። ምላሴን አዞርኩ፣ አፌ ባዶ ነው። ትንፋሼን ያዝኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ወዳጄ፣ እኔ ቆሎ ሲበላ አውቃለሁ፣ ገብስ ሲደቅ የሚሰማው ሌላ ነው፣ ሽንብራ ሲሰበር የሚሰማው ሌላ ነው፣ ይህ ሁለቱንም እያቀላቀለ፣ ሳይቸኩል፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ይቆረጥማል። ጆሮዬን ወደ ውሃው ዝቅ ሳደርግ ድምፁ ባሰ፣ ቀና ስል ቀነሰ። የሚበላው ከውሃው በታች ነው።

«ማነው?» አልኩ። ቆመ። ጎርሶ ሲጠሩት እንደሚያቆም ሰው ቀጥ አለ። ከዚያ ቀጠለ።

ፈራሁ አልልህም፣ ተናደድኩ። ይሁን እንጂ ጠልቄ ወደ ዳር መዋኘት ጀመርኩ፣ ፊት ለፊቴ አንድ መብራት አለ፣ እሱን ይዤ ሄድኩ። እግሬ መሬት መንካት የነበረበት ጊዜ አለፈ፣ አልነካም። ውሃው ቀዘቀዘ። ያው ድምፅ ደግሞ ዞሮ ፊቴ መጣ፣ በእኔና በመብራቱ መሐል ሆኖ፣ አሁን በትንንሹ አይደለም፣ በእፍኝ እንደሚቃም ሆኖ ይቆረጥማል። ያን ጊዜ ጮህኩበት፣ «ዞር በል! ያንተን በልቼ እንደሆነ በላሁ! ምን ታመጣለህ!» ብዬ። ላልፈው ሞከርኩ፣ ግን ማለፍ አልቻልኩም፣ ሰውነቴ እምቢ አለኝ። ዞርኩ። ስዞር ከኋላዬ፣ ሩቅ፣ የሆቴሎቹ መብራት ተደርድሮ አየሁ። ዳሩ እዚያ ነበር። ይዤው ስሄድ የነበረው መብራት ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ፍጡር የሚያጠምድ ጀልባ ነው፣ ወደ ውጭ እየሄደ ነበር።

እንዴት እንደተመለስኩ አትጠይቀኝ፣ እንደ እንቁራሪቷ እግሬን እየመታሁ፣ በራሴ ክንድ፣ በራሴ ትንፋሽ ተመለስኩ። ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ፣ ጉልበቴ ነው የምልህ፣ ቃሌብ ሮጦ መጥቶ ብብቴን ያዘኝ። አሁን ይህን «አወጣኋቸው» ብሎ ነው የሚያወራው! ጉልበት ላይ! እዚያ ላይ ዶሮም አትሰምጥም!

ወደ ቤት መንዳት ጀመርን። ሜከን ከተማን አልፈን ቃሌብ በመስታወቱ አየኝና እንዲህ አለኝ፣ «ጋሼ፣ ስይዝዎት… አፍዎ ውስጥ ምግብ ነበር እንዴ? ሲበሉ ይሰማ ነበር።»

እንድሪስ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሙሔ፣ በትነህ አልነበር?»

ከኪሴ ፌስታሉን አውጥቼ አሳየሁት። ስቶን ማውንቴን እስክንደርስ ከንፈሩ በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

ወላጆቹ ፊት ስንቀርብ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ቆሎውንም አልደበቅኩም፣ ቃሌብም ሰምቷል ይመስክር አልኩ። ይህ ልጅ ዓይኔን እያየ ምን አለ መሰለህ? «አይ ጋሼ፣ እኔ እንደሱ አላልኩም። ሽሪምፕ ናቸው፣ ውሃ ውስጥ ድምፅ አላቸው፣ ኖርማል ነው።» ሽሪምፕ! ሽሪምፕ ገብስና ሽንብራ ለይቶ ይቆረጥማል? አንዷ እናት ለጎረቤቷ «ዕድሜ ነው፣ አላህ ይዘንላቸው» ስትል ጆሮዬ ሰማ። ንዴቱ እስካሁን እዚህ፣ ደረቴ ላይ አለ። እንድሪስ ግን ሸንጎው መሐል ተነስቶ «ዋኝቶ ተመልሷል፣ ሦስቴ አጨብጭቧል፣ ዳኛው እኔ ነኝ» አለ፣ ስለዚህ ክፍሉ ቀረልኝ፣ እኔ ውሃው ውስጥ፣ ቃሌብ ለኢንሹራንሱ ሲባል ጠባቂው ወንበር ላይ ከፊሽካው ጋር።

በሦስተኛው ቅዳሜ የእንድሪስን የልጅ ልጅ ሐያትን፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በጀርባዋ መንሳፈፍ አስተምራታለሁ፣ መዳፌ ከጀርባዋ በታች ነው፣ ጆሮዎቿ ውሃ ውስጥ ናቸው። ዓይኗን ጨፍናለች። ድንገት ገለጠችና «አባባ፣ እዚህ ውስጥ የሚበላው ማነው?» አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ያለውን ቃሌብን አየሁት። ጥያቄዋን ሰምቷል። ፊቱ አመድ ሆነ። ፑል ውስጥ ሽሪምፕ እንደሌለ ለማወቅ ሰርተፍኬት አያስፈልግም። ፊሽካውን ነፋ፣ አሥራ አንዱም ልጆች ወደ ዳር ሄዱ፣ እሱ ግን ከዚያ ወንበር አልወረደም።

እንግዲህ ሌላው የፈለገውን ያውራ፣ እኔ ያደረግኩት ይህ ነው። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ በጨለማ ውቅያኖስ ገብቼ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ማንም ሳያወጣኝ ወጥቻለሁ። ክፍሌን አላስነጠቅኩም። ያን ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች አንድም ሳይሮጥ፣ አንድም ሳያለቅስ ከውሃ አውጥቻለሁ፣ ለሐያትም የገንዳው ፓምፕ ነው አልኳት፣ አመነችኝ። በማግስቱ ሰው ሳይነሳ ሄጄ ፓምፑን በእጄ አጥፍቼ፣ ውሃው ቀጥ እስኪል ጠብቄ፣ ገብቼ ጆሮዬን ነክሬያለሁ፣ ፓምፑ አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጆሮዬን ከውሃው አርቄ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ አስተምራለሁ፣ ማንም አላወቀብኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊትም ገንዳው ውስጥ አንድ እፍኝ እበትናለሁ፣ ገብስና ሽንብራ፣ አዲስ የተቆላ። ልጆቹ ሲጨርሱ የገንዳውን ማጣሪያ የምከፍተው ራሴ ነኝ፣ ቧንቧ አዋቂ ነኝ ብዬህ የለ? እስከ ዛሬ አንዲት ፍሬ አላገኘሁበትም።