ሥሩ መዝለል ነው

መምህር ለይኩን ከየቡ ከተማ አጠገብ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ገንዳው ጥግ ወድቀው ተገኙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጣቢያውን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ። ቀትር ላይ ጭንቅላታቸውን በእንጨት የመታቸው ሰው ደረታቸው ላይ ወረቀት አኑሮ ጠጠር ጭኖበታል። የአካባቢው ፖሊሶች ብዙ አላሰቡም፤ ጠዋት ከሟቹ ጋር የተጨቃጨቀውን ዘበኛ ገላናን በካቴና ጠፍረው ከጂማ መርማሪ ጠሩ።

ኢንስፔክተር ዩምና ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ያለበት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው፤ «ኤግዛልታንትሊ»።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለ ገላና። «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

ዩምና ወደ ቡና ለቃሚዋ ፈድሊያ ዞረች። «ቀትር ላይ የት ነበርሽ?»

«ከሴቶቹ ጋር ለቀማ ላይ። አንዳችንም አልተነሳንም።»

ከቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ተቆጣጣሪዎች አንዱ የሆነው ፍሬዘር እስኪጠየቅ አልጠበቀም። «እኔ እንኳ ቡናዬን ስሸፍን ነበር» አለ ፈገግ ብሎ።

ዩምና ከየአልጋው እፍኝ እፍኝ ቡና እየዘገነች አገላብጣ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ገንዳው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ገላና ፊደል አልቆጠረም፤ ይህን ሊጽፍ አይችልም። ፈድሊያ ምስክሮች አሏት። የታጠበ ቡና ደግሞ በቀትር ፀሐይ ካልተሸፈነ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። የሌሎቹ አልጋዎች ቡና ደህና ነው፤ ያንተ ግን ተሰነጣጥቋል፣ ፍሬዘር። ሸራውን ያለበስከው ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው።»

«በተሰነጠቀ ቡና ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«ቃሉም አለ። በድል ደስታ እየፈነደቁ ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መዝለል ነው። ዘጠነኛ ክፍል አብረን ስንማር መምህር ሲጠይቁህ ትርጉሙ ጠፋህ። ‹እንግዲያው በእግርህ አሳየን› ብለው ደወል እስኪደወል አዘለሉህ። በዚያ በሚያነክስ እግርህ።»

የፍሬዘር ፈገግታ ጠፋ። «አንቺም ስቀሻል።»

«ስቄያለሁ» አለች ዩምና። ሰው ፊት እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ ግን እዚሁ፣ ራስጌያቸው ቆሜ ዘለልኩ። እስኪበቃኝ ዘለልኩ። ማንም አልሳቀም!»

ዩምና ካቴናውን ከገላና እጅ ፈትታ ፍሬዘርን አሰረችው። ወደ መኪናው እያነከሰ ሲሄድ እሷም እርምጃዋን ለእሱ ብላ አዘገየች።