ላጲስ ያልነካው ገጽ

የሰደበኝ አቀናባሪው ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ከመሞቱ አራት ወር ቀደም ብሎ። ቦታው የኦርኬስትራው መለማመጃ አዳራሽ ነው፤ አርባ ሁለቱም ሙዚቀኞች በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። ለሆርን፣ ለዚያ ለተጠቀለለው የነሐስ ጡሩምባ፣ ተጫዋቾች ገልብጬ የሰጠሁትን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ እንደ ሞተ አይጥ፣ ለሁሉም አሳየ።

«ይህን የጻፈው ማነው? ሆርን ከተጻፈለት ዝቅ ብሎ እንደሚጮህ የማያውቅ ሰው ነው ኖታ የሚገለብጥልን? ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?»

ሦስት ሰዎች ሳቁ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ።

እኔ የጆሮ ሰው ነኝ። ኖታ የተማርኩት በማርሽ ባንድ ውስጥ ሁለት የነሐስ ሳህን እያጋጨሁ ነው። የተማሩት ለሆርን ሲጽፉ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚጽፉት፣ መሣሪያው ራሱ ዝቅ አድርጎ ስለሚያወጣው። እኔ ግን የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ። የዚያን ቀን እንድገለብጠው የተሰጠኝ ገጽ ጠፍቶብኝ በጆሮዬ ሞልቼው ነበር። ጥፋቴ ይህ ነው። ለዚህ ጥፋት አርባ ሁለት ሰው ፊት መዋረድ ይገባኝ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቂሜ ግን ከዚያም በፊት ነበር። የከተማችን ልጆች በቴሌቪዥን ያደጉባቸው የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች አሉ፤ ኦርኬስትራው የሦስቱን ሙዚቃ ፊልሙን ከጀርባ እያሳየ ሊጫወት አሰበ። የታተመ ኖታ አልተገኘም። በጆሮ ተይዞ፣ ለአርባ ሁለት ሰው ተከፋፍሎ መጻፍ ነበረበት። ማንም ሳያዘኝ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ፊልሙን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ። ፊልሙ ላይ በፒያኖ ብቻ የምትሰማውን የዝናብ ዜማ ለቫዮሊንና ለክላርኔት አካፈልኳት። ቀበሮው ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ ቫዮሊኖቹ ክሩን በጣት እንዲነቅሉት አደረግሁ።

ሥራውን የሰጠሁት ለእህቴ ባል ነው። የኦርኬስትራው አንደኛ ክላርኔት እሱ ነው። «በእኔ በኩል ይግባልህ ወንድሜ፤ የአንተን ስም ሲሰማ ገና ሳያነበው ይጥለዋል» አለኝ። ከወር በኋላ ትከሻዬን ይዞ፣ «አይዞህ፤ አይቶ ሳቀና ቀዶ ጣለው» አለ። ዓመት ሳይሞላ ያ የተቀደደ የተባለው ሥራ፣ የእኔው፣ በአቀናባሪው ስም ለግልበጣ እጄ ገባ። የገዛ ልጄን እንግዳ አድርገው ያስተዋወቁኝ ያህል ነበር። አማቼ «ዝም በል፤ ከሥራህ ትባረራለህ። እኔ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ዝም አልኩ። በዚያው ወር እሱ ምክትል አቀናባሪ ሆኖ ተሾመ፤ እኔም እንኳን ደስ ያለህ ብዬ አቅፌ ሳምኩት።

ሐሙስ ዕለት፣ ለኮንሰርቱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አምስት ሰዓት ላይ ከምድር ቤት የቆረጥኩትን ወረቀት ታቅፌ ወደ ኖታ ክፍል ወጣሁ። አቀናባሪው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ወረቀት የምጫንበት ብረት ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ደም አለ። አልዋሽም፤ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ ብረቱ የእኔ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ስትናገር ድምጿን አትጨምርም። ከአዳራሹ ማንም እንዳይወጣ፣ ከኖታ ማስቀመጫዎቹም አንዲት ወረቀት እንዳትነሳ አዘዘች። መጀመሪያ የጠራችው እኔን ነው።

«ብረቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«በሩ ይቆለፋል?»

«ቀን ቀን አይቆለፍም።»

«ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ ወረቀት ስቆርጥ።»

«ማን አየዎት?»

«መቁረጫው።»

አልሳቀችም። «ይጠሉት ነበር?»

«አዎ።»

«እንዲህ ፊት ለፊት የሚመልስልኝ ሰው ብዙም አይገጥመኝም» ብላ ጻፈች። በዚያ አጻጻፏ እስር ቤቱ የታየኝ መሰለኝ።

ቀጥላ ከበሮ መቺውን ጠራች። ሆዱ ከከበሮው የማይተናነስ ሰው ነው፤ ቀብር ላይም ቢሆን አፉ አያርፍም።

«ልምምዱ እንዴት እንደነበር ይንገሩኝ፤ ሙዚቃ አላውቅም።»

«እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየመታሁ አላውቅም፣ እትዬ» አላት። «አንደኛው ክፍል በብርሃን ነው። አራት ሰዓት ላይ ሁለተኛው ሲጀምር መብራት ይጠፋል፣ ፊልሙ ይበራል። እያንዳንዱ ሰው ኖታው ላይ ካለችው ትንሽ አምፖል በቀር የሚያየው የለም። እኔ፣ ቫዮሊኖቹ፣ ሌላውም እንሠራለን። ትራምፔቷና አንደኛ ክላርኔቱ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ክላርኔት ታሞ ቀርቷል።»

«ስለዚህ ከእነዚህ ሁለቱ አንዳቸው ቢነሱ?»

«እዚያ ጨለማ ውስጥ እኔ ብነሳ እንኳ ማን ያየኛል? ከበሮው ነው የሚመስላቸው።»

ትራምፔት ተጫዋቿ እጇን አጣጥፋ ገባች። «አዎ፣ ተጣልተናል። ብቻዬን የምጫወትበትን ሶሎ ነጥቆ ለክላርኔት ሰጠብኝ። ግን ልግደል ብል ሰው ፊት ነበር የምገድለው። እኔ ያለ ተመልካች ምንም ሠርቼ አላውቅም።»

መጨረሻ አማቼ ገባ። በሩ ተዘግቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ጨበጠና «አይዞህ፤ ስለ አንተ መልካሙን ሁሉ ነግሬያታለሁ» አለኝ። እኔም ከልቤ አመሰገንኩት።

ትንሽ ቆይታ መርማሪዋ ወደ መድረኩ ጠራችኝ። «ዛሬ ጠዋት የታደለው የሁለተኛው ክፍል ወረቀት አዲስ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«ትናንት ነው የጨረስኩት። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ በየቦታው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«እስቲ እኔ እያየሁ ይሰብስቡልኝ።»

ከወንበር ወንበር እየዞርኩ ሰበሰብኩ፤ በየወረቀቱ ጀርባ የማን እንደሆነ እየጻፈች ከኋላዬ ተከተለች። አንዱን አንስታ ወደ መድረኩ መብራት ዘረጋችው። «ይህቺ የጠቆረች ነገር ምንድን ናት?»

«ላጲስ ነው። ሙዚቃው በትንንሽ ሣጥን ውስጥ በተጻፉ ቁጥሮች ይከፋፈላል። የኦርኬስትራው መሪ ከቁጥር አሥራ አራት ወደ አሥራ ሰባት ዝለሉ ሳይል አልቀረም፤ ሁሉም በእርሳስ ምልክት አድርገዋል። ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ከአሥራ አምስት ዝለሉ ብሏል። የመጀመሪያውን አጥፍተው እንደገና ጽፈዋል።»

«ሁሉም ላይ አለ?»

አንድ በአንድ ገለጥኩ። የወረቀት ነገር ሲሆን ዓይኔን ማንም አይሸውደውም። «አንዱ ብቻ ንጹሕ ነው። አሥራ አምስት ላይ አንዴ ተጽፏል፤ ላጲስ አልነካውም» አልኩና በኩራት ጨመርኩ፤ «የአማቼ ነው። ድሮም ጥንቁቅ ሰው ነው።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዘን ዓይን አየችኝ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የአዳራሹ መብራት ሁሉ በራ። ሁሉንም በየወንበራቸው አስቀመጠች፤ እሷ መሪው የሚቆምባት ሣጥን ላይ ወጣች። እኔን ከጎኗ አቆመችኝ። ሁሉም ገዳዩ እኔ መሆኔ ሊነገር ነው ብለው አዩኝ፤ እኔም ራሴ እንደዚያው።

«ሟቹ የተገደለው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው» ብላ ጀመረች። «በዚያ ሰዓት ከእናንተ መካከል እጁ ነጻ የነበረ ሦስት ሰው ነው፦ ገልባጩ፣ ትራምፔቷና ክላርኔቱ። በገልባጩ ላይ ብዙ ነገር ተነግሮኛል። ብረቱ የእሱ ነው፤ ተሰድቧል፤ ሥራው ተቀዶ ተጥሎበታል። ይህን የመጨረሻውን የነገረኝ ማን ይመስልዎታል?» ወደ እኔ ዞረች።

ያንን ታሪክ በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ስለ እርስዎ መልካሙን ሁሉ ነገረኝ ብሎዎት ይሆናል። የነገረኝ ግን ለመግደል በቂ ምክንያት እንዳለዎት ነው፤ እያለቀሰ።»

አማቼ ብድግ አለ። «እኔ እውነቱን እንጂ...»

«ይቀመጡ፤ ተራዎ ይደርሳል። አሁን ወደ ሟቹ ስልክ። ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማተሚያ ቤት ደውሏል። የደወለለትን ሰው አነጋገርኩት። የኮንሰርቱ ፕሮግራም ላይ ቅንብር ከሚለው ሥር ስሜን አውጡልኝ፤ የገልባጩን ስም አስገቡ ብሏል። ለምን ቢሉት ምን አለ? ሥራው የማን እንደሆነ ትናንት ነው የገባኝ፤ ምክትሌ የእኔ ነው ብሎ አታሎኝ፣ በሹመት ለውጦ ነው በስሜ እንዲወጣ የሰጠኝ አለ።»

ስንት ወር ሙሉ የረገምኩት ሰው፣ በሞተበት ጠዋት ስሜን እየመለሰልኝ ነበር።

«እንዴት ገባው? ሟቹ በተደፋበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ የቅንብሩ የመጀመሪያ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። የሆርኑ መስመር እንደሚሰማው ነው የተጻፈው፤ ከፍ አልተደረገም። እዚህ ያሉት ባለሙያዎች አስረዱኝ፦ ክላርኔትም እንደ ሆርን የተጻፈለትን ሳይሆን ዝቅ ያለውን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ክላርኔት ተጫዋች ይህን ስህተት ተኝቶም አይሠራውም። ይህን ስህተት የሚሠራ አንድ ሰው እንዳለ ደግሞ ሟቹ ራሱ ከአራት ወር በፊት በአደባባይ መስክሯል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ምክትሉን ኖታ ክፍል ድረስ ጠርቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ሹመትህ አብቅቷል ሊለው።»

«አልሄድኩም!» አለ አማቼ። «ከወንበሬ አልተነሳሁም። ተራዬ እስኪደርስ እየቆጠርኩ ስጠብቅ ነበር።»

«እንግዲያው ወረቀትዎን እንይ። የትራምፔቷ ወረቀት ላይ አሥራ አራት ተጽፎ ጠፍቷል። የሠላሳ ዘጠኙም ላይ እንደዚያው። የእርስዎ ላይ ብቻ ምንም የጠፋ ነገር የለም።»

«መሪው ሐሳቡን እስኪቆርጥ ጠብቄ ነው የጻፍኩት።»

«ይሁን። በመጀመሪያው ዝላይ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ዘለልንና ተጫወትን። መሪው አልጣመውም፤ አስተካከለ።»

«ፊልሙ ላይ ምን ይታይ ነበር?»

«ዝናቡ» አለ በእርግጠኝነት። «ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው የከበሮው ነጎድጓድ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝናቡ ላይ ነው።»

የመለሰለት ከበሮ መቺው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ወንድም ዓለም፣ ዝናቡ ላይ አልነበረም። ዝላዩ ስህተት ስለነበር ነጎድጓዱን ያወረድኩት ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅ ተኝታ ሳለ ነው። አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። መሪው ዱላው ከእጁ ወደቀ። አሥር ደቂቃ ሥራ አልሠራንም። አንተ የት ነበርክ?»

አማቼ ግራ ቀኙን አየ። ከመካከላቸው ያን ጊዜ ያልሳቀ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«የስህተቱን ምልክት ያልጻፈው፣ ስህተቱ ሲሠራ ስላልነበረ ነው» አለች መርማሪዋ። «በጨለማ ተመልሶ ሲቀመጥ ከፊቱ ካለችው ፍሉት ተጫዋች ወረቀት ላይ የተስተካከለውን አይቶ ገለበጠ። ጥንቁቅ ሰው ነው።»

ያች ቃል የእኔ ነበረች። እንደ ጩቤ ተሰማችኝ።

አማቼ ወንበሩ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጠፈ። «ልገድለው አልሄድኩም» አለ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «ለመንኩት። ከኮንሰርቱ በኋላ አድርገው አልኩት። አርባ ሁለት ሰው ፊት እነግራለሁ አለኝ። አርባ ሁለት ሰው ፊት! ጀርባውን ሲሰጠኝ ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኔን የጣለኝ ግን ፈረስ አይደለም፤ ልጆቹ አጎቴ የሚሉኝ፣ ቤቱ ስገባ ወንበሩን የሚለቅልኝ ሰው ነው። ያ ሌላው፣ የጠላሁት፣ አንድ ቀን ሰደበኝ እንጂ ሌላ ምን አደረገኝ? ስድቡም ቢሆን ልክ ነበር፤ ለሆርን መጻፍ አላውቅም። የምወደውንም የምጠላውንም ተሳስቼ ኖርኩ።

ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ሲወስዱት እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንዲያልፍ አልገፉትም፤ መርማሪዋ በእጇ ከለከለቻቸው።

«አንተ ነህ አሳልፈህ የሰጠኸኝ» አለ። «በገዛ አፍህ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ብለህ። ደስ አለህ አይደል? ስምህ ነገ በትልቅ ፊደል ይታተማል። ሁለቱ ልጆችስ? እህትህስ? ከዚህ ወጥተህ በሯን ስታንኳኳ ምን ልትላት ነው? ተናገር እንጂ! አታየኝም? ወንድሜ፣ አንድ ቃል እንኳ...»

የሰበሰብኳቸውን ወረቀቶች ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩ። የመድረኩን ደረጃ በቀስታ ወረድኩ። ከኋላዬ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ሦስተኛውን ስሰማ በሩን ከፍቼ ወጥቼ ነበር።