የእሜቴ ኪሎ

የሰፈሩን ሰው ወገብ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ፣ ቤቱ ሲገባ የሚለካው ሰው አልነበረውም። ሚስቱ ሞታለች። አንድያ ልጁም በቀብሩ ማግስት “እማዬን በጊዜ ሐኪም ዘንድ ብትወስዳት ኖሮ!” ብላ በሩን ዘግታበት ሄዳለች። እውነቷን ነበር! የቀረችለት የሚስቱ ድመት ናት፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላት፣ ጥርሷ ረግፎ ኩራቷ ያልረገፈ፣ ሟች “እሜቴ” ብላ የሰየመቻት ወፍራም ድመት።

ልጅቱ እሑድ እሑድ ትደውላለች። “ደህና ነህ?” አትልም። “እሜቴ እንዴት ናት?” ብቻ። እሱም የእሜቴን አበላልና አስተኛኘት በዝርዝር ይነግራታል፤ ቶሎ እንዳትዘጋበት… ድመቷ ብትሞትስ? ስለ ማን ብላ ልትደውል ነው?

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሟ “አርጅታለች፤ ክብደቷን በየሳምንቱ ይከታተሉ፣ ከቀነሰች ቶሎ ያምጧት” ስትለው በዚያው ቀን ሚዛን ገዛ። እሜቴ ሚዛን ላይ መቆም ክብሯን ነካት መሰል፣ አሻፈረኝ አለች። እሱም ብቻውን ተመዘነ፤ ስድሳ ስምንት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አቅፏት ይወጣና ስድሳ ስምንቱን ይቀንሳል።

ሰባት ኪሎ። ስድስት። አራት… ወይኔ! እሜቴ እየቀለጠች ነው! ሥጋውን ሁሉ ለእሷ ይከትፍ ጀመር፤ ለእሱማ ከሐሳብ ብዛት እህል አልወርድ ብሎታል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲለው “የዘንድሮ ጨርቅ!” እያለ ያጠብበዋል። ሁለት ኪሎ የወጣ ቀን ድመቷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሮጠ።

“አባቴ፣ ሰባት ኪሎ ተኩል ናት እኮ” አለች ሐኪሟ። “እንዲያውም ቦርጭ አውጥታለች።”

“ሁለት ናት! በእጄ ነው የመዘንኳት!”

“እርስዎስ ስንት ነዎት?”

“ስድሳ ስምንት።”

“መቼ ተመዝነው?”

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ የኖረ ሰው፣ የራሱን ልክ አንድ ጊዜ ወስዶ ረስቶታል! የጎደለው ድመቷ ሳትሆን እሱ ነበር… የሰው ሐኪሞች ሆዱን አይተው “ምነው ዘገዩ?” አሉት። ለሚስቱም ያሉት ይህንኑ ነበር።

እሑድ ስልኩ ጮኸ። “እሜቴ እንዴት ናት?”

“ወፍራለች” አለ። ሌላም ሊል አፉን ከፈተ… “ተመስገን” ብላ ዘጋችው።

የእሜቴ የሕክምና ካርድ ላይ ግን የልጅቱ ስልክ ነበር። ወደ ሰው ሐኪም የላከችው የእንስሳት ሐኪሟ ደወለች።

“እሜቴ ምን ሆነች?”

“እሜቴማ ደህና ናት። የሚመዝናት ሰው ነው የታመመው።”

ልጅቱ ሆስፒታል ስትደርስ አባቷ በእግሩ መቆም አቅቶታል። ነርሷ ለመድኃኒቱ ክብደቱን ፈለገች። ልጅቱ ጎንበስ ብላ “አባዬ፣ አንገቴን ያዝ” አለችና እንደ ሕፃን አቅፋው ሚዛኑ ላይ ወጣች። እንባዋ በግንባሩ ላይ ወረደ።

“ዛሬ ተመዝነሻል?” አላት በጆሮዋ። “የድሮውን እንዳትቀንሺ… እኔን ጉድ ሠርቶኛል።”

እየሳቀች ተንሰቀሰቀች። በሳምንቱ አረፈ።

አይ ዕድል! አባትና ልጅ ለመተቃቀፍ ሚዛን ያስፈልጋቸው ኖሯል? አሁን ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ ራሷን፣ ቀጥላ እሜቴን አቅፋ ትመዘናለች። እሑድ ሲሆን ስልኩን ታነሳለች። እሜቴ ደህና ናት፤ ሰባት ኪሎ… ለማን ትንገር?