ከላይ የተሣለው ከኋላ ነው

«እጅሽን ከግድግዳው ላይ አንሺ!» አለ መምህር አውጋር፤ ድምፁ በዋሻው ውስጥ አስተጋባ። «መሐላችን ምን ይላል? ‹የተሸፈነውን አልገልጥም፤ የተሣለውን አልፍቅም!› አንቺም ምለሻል!»

«ምያለሁ» አለች ተማሪው ማኅሌ። የኖራ መፋቂያውን ግን አልጣለችም። «የጋድራ ሁለት ወንድሞችም የእርስዎን ትምህርት አምነው ሄዱ፣ መምህር። የዘንዶውን ግራ ዓይን ወጉ። ተመለሱ?»

ጋድራ በዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ከሥራቸው ባለው ሸለቆ ታኑር የተባለው ዘንዶ በኤልማ ወንዝ ምንጭ ላይ ተጋድሟል። ከዓለት የማይለየው ገላው የምንጩን አፍ ከደፈነ ዓመት ሞላው፤ የናዕራ መንግሥት በጥም እያለቀ ነው። ትንቢቱ «የመጀመሪያው ሥዕል ያሳያችኋል» ይላል። የመጀመሪያውን ሥዕል ግን በሕይወት ካሉት ሰዎች ያየው የለም። በናዕራ ልማድ እያንዳንዱ ዘመን የቀደመውን ሥዕል በኖራ ለስኖ የራሱን ይሥልበታል፤ ከሥር የቀረውን መምህራን በቃል ይዘው ለተማሪ ያወርሱታል። አውጋርም አርባ ዓመት ሙሉ «ንጉሡ የዘንዶውን ግራ ዓይን ይወጋል» ብሎ አስተምሯል።

ከከተማ ሰባት ሆነው ወጥተው፣ ከዘጠኝ ቀን የበረሃ መንገድ በኋላ ዋሻው የደረሱት ሦስት ናቸው። ታኑር የሚያንቀላፋው እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ጋድራ ጦሩን ይዞ ይወርድበታል።

«የላይኛውን ሥዕል ማን እንደ ሣለው ታውቂያለሽ» አለ አውጋር፤ አሁን ድምፁ ወርዷል። «ሰናይታ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ። ከባለቤቴ እጅ ሥራ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው።»

ማኅሌ መፋቂያውን ዝቅ አደረገች። የተናገረው ጋድራ ነበር።

«አባቴ፣ እኔ ሥዕል አላውቅም። የምሞት ከሆነ ግን በትክክለኛው ቦታ ልሙት።»

አውጋር ቦታ ለቆላት ከግድግዳው ፊት ዞር አለ።

መሐላው ሌላም ቃል ነበረው፤ ለአንድ ሰው ሳይነገር የሚጠፋ ሥዕል አይኑር የሚል። ማኅሌ ጋድራን ክንዱን ይዛ አቆመችው።

«ምን ታያለህ?»

«ውሃ የሚቀዱ ሴቶች።»

«ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ከ...» ጋድራ ጠጋ አለ። «ከውሃው ነው! አገጫቸው በርቶ ግንባራቸው ጨልሟል። ፀሐይ የለችም እኮ!»

አውጋር እንደ ተመታ ሰው ዞረ። ይህ ሥዕል ከተሣለ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት «የማለዳ ፀሐይ» እያለ አስተምሮበታል። ሰናይታ ከአጠገቡ ተቀምጣ ሰምታዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ አላረመችውም። ደግሞ ሊያይ ሲቀርብ ማኅሌ መፋቅ ጀምራ ኖራው ይረግፍ ነበር።

ከሥር ወርቅ ብልጭ አለ። የመካከለኛው ዘመን ሥዕል ነው፤ ሰዎቹ ዓይናቸው የጎላ፣ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ፊት ለፊት የሚያዩ። «እነዚህ ጥላ አይሥሉም» አለች ማኅሌ፤ «ብርሃኑ ከሰዎቹ ከራሳቸው የሚወጣ ነው።» በመካከል ንጉሡ የዘንዶውን ግራ ዓይን ይወጋል።

«ይኸው!» አለ አውጋር። «ይኸው አልኩሽ!»

«ይህ ሁለተኛው ነው፣ መምህር» አለችና ፋቀችው።

የመጨረሻው ልስን በአንድ ጊዜ ተገንድሶ ወደቀ። ቀይ አፈርና ከሰል ብቻ ነበር፤ ቀለሙ ዛሬ የተቀባ ይመስላል። ከታች ዘንዶው ተጋድሟል። በላዩ አንድ ትንሽ ሰው ጦር ይዟል። ዘውድ የለውም። የጦሩ ጫፍ ከዘንዶው ዓይን አጠገብ ነው።

«ዓይኑን ነው» አለ አውጋር፤ ራሱ ግን አላመነም።

ማኅሌ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አየች። ከዚያ በጥግ ወደ ተሣለው የላም መንጋ ጠቆመች፤ ላሞቹ አንዱ ረድፍ ከሌላው በላይ ናቸው።

«ጋድራ፣ እነዚህ ላሞች ይበርራሉ?»

«ምን ይበርራሉ! ከኋላ ያሉት ናቸው እንጂ።» ሳቀ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ርቀትን የሚሥሉት እንዲህ ነው» አለች ማኅሌ። «ከኋላ ያለውን ከላይ ያደርጉታል። ሰውየው ከዘንዶው በላይ አይደለም፤ ከጀርባው ነው። ዓይኑን አልነካውም። የሚወጋው ከዘንዶው ኋላ ያለውን ዓለት ነው። የወርቅ ዘመን ሰዎች በራሳቸው ዓይን አነበቡት፤ እኛም እነሱን ተከተልን።»

«ከእግሩ ሥር ያለው ሣር...» አለ አውጋር።

«ሣር አይደለም፣ መምህር። ውሃ ነው።»

ጋድራ ቀረብ ብሎ አየ። «ሰውየው ከጉልበቱ በታች የለም፤ ውሃው ውጦታል» አለ።

አውጋር ጦሩን አነሳ። «እኔ ልሂድ። የገደላቸው የኔ ቃል ነው።»

«አባቴ፣ እጅዎ ብሩሽ እንኳ አይይዝም» አለ ጋድራ፤ ጦሩን በቀስታ ተቀበለው። ከሥዕሉ ፊት ተንበርክኮ ማለ፦ «በእናቴ ልጆች ደም፣ በተጠማችው በናዕራ፣ ዓለቱን ሳልሰነጥቅ ፊቴን አላዞርም!» ከዚያ ተነሥቶ ወደ ማኅሌ ዞረ። «እኔንም እንዲህ ድንክ አድርገሽ ትሥይኝ ይሆን?»

«ላሞቹን ከኋላህ አደርጋለሁ» አለችው። መሳቅ አቃታት።

እኩለ ቀን ላይ በዘንዶው ጅራት ዞሮ ገባ። ከላይ ሆነው ጦሩን ሲሰነዝር አዩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛውን ግን አላዩም። ተራራው አገሣ። ከተሰነጠቀው ዓለት የፈነዳው ውሃ ታኑርን እንደ ግንድ አንሥቶ ከገደል ወደ ገደል አላተመው። ማኅሌ የጋድራን ስም ስትጮህ ድምፅዋን ራሷም አልሰማችው።

ውሃው ናዕራ የደረሰው ከተመለሱት ከሁለቱ ቀድሞ ነው። ንጉሡ ሕዝቡን በአደባባይ ሰበሰበ፤ ማኅሌም ከሰል ተሰጥቷት የቤተ መንግሥቱ ነጭ ግድግዳ ላይ በዋሻውና በሸለቆው ያየችውን ሁሉ ሣለች። እናቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አወጡ። ንጉሡ ራሱ ከዙፋኑ ወርዶ ከሕዝቡ መካከል ቆመ።

«አርባ ዓመት የተማርነው ስሕተት ነበር ማለት ነው?» አለ አንድ ሸማኔ ጮክ ብሎ።

ማኅሌ ከሰሉን እንደያዘች ዞረች። «ያስተማሩን ሰዎች ማየት አስተምረውናል» አለች። «አሁን ሁላችሁም ወደ ግራ ጥግ ተመልከቱ። እዚህች ሴት እጅ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እንስራ!»

«አይደለም፣ ልጅ ነው!»

«ዝም በሉ፣ እኔ ላያት!»

ሕዝቡ ተገፋፍቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። አውጋር ከኋላ፣ ከአደባባዩ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ በበሩ ወጣ፤ ሰናይታ የሣለችውን ከውሃ የሚወጣ ብርሃን በዓይኑ ሊያይ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሄደ።