ከበረዶው በፊት

ኢንስፔክተር እሌኒ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ጉና ተራራ ሥር ስትደርስ፣ የፈንታሁን ሬሳ ገና ከናዳው እየተቆፈረ ነበር። ሰላምታዋን የመለሰላት ሰው የለም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ሙላቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ምንሽር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ምን ትመረምሪያለሽ? ገዳዩ ይኸው!» አላት፣ ከባሕር ዛፍ ጋር የፊጥኝ የታሰረውን ጎረቤታቸውን ወርቁን እያሳየ። «የማሳውን የውኃ ፈሰስ ከበላያችን ወዳለው የተሰነጠቀ ተረተር መልሶ፣ ትናንት የጣለው በረዶ ሲቀልጥ ውኃው ገብቶ ናደው። የምታገሠው ቀብሩ እስኪያልቅ ብቻ ነው።»

«በመድኃኔ ዓለም፣ ፈሰሱን አልመለስሁም!» አለ ወርቁ። ማን ሊሰማው!

እሌኒ ገባት። ከቀብር በፊት እውነቱን ካላወጣች ይህ ሰው ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ደም መላሹን የሚያስቆም የለም። ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ዘነበች ጠጋ አለች።

«እግዜር ያጥናሽ። ትናንት ለምን ወጣ?»

«በክረምት መግቢያ ተረተሩን የሚጠብቀው እሱ አይደል? ንቃቃቱ ሰፍቷል፣ ከሥሩ ያላችሁ ልቀቁ እያለ ሲለምን ከረመ። ሁሉም ለቀቀ፤ እሳቸው ብቻ አሻፈረኝ አሉ» አለች ሙላቴን እያየች። «ወንድሜን ላውጣ ብሎ ሄደ። ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነበር።»

«በረዶው ካባራ በኋላ ሽቅብ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!» አለ ሙላቴ ማንም ሳይጠይቀው። «ወዲያው ናዳው በላው።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን ማደሪያም አላገኘ። ሟቹን የሸፈነው የናዳው ጫፍ ብቻ ነበር። ከጭቃው ሥር በረዶው ሳይቀልጥ ተነጥፏል። ሬሳውን ሲያነሡት ግን ከሥሩ አንዲት ፍሬ በረዶ የለም፤ ሣሩ ደረቅ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ የእጆቹ አውራ ጣቶች በክር ታስረዋል።

«ማነው የገነዘው?» አለች እሌኒ።

ቆፋሪዎቹ ተያዩ። «ኧረ እኛ አልነካነውም!»

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ወርቁን ፍቱት። ፈንታሁን ሲወድቅ በረዶውም ገና አልጣለም፣ ናዳውም አልወረደም ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሣር ይመሰክራል። ፈሰሱን ማንም ይመልሰው ማን፣ እሱን አልገደለውም። አቶ ሙላቴ፣ ከበረዶው በኋላ ሲሄድ አየሁት ያሉት የሞተ ሰው ነው።»

«አፍሽን ዝጊ!»

«አልጨረስሁም። ጭቃው ከክሩ በላይ ነው፤ ከክሩ ሥር ቆዳው ንጹሕ ነው። ናዳ ሰው አይገንዝም። ጠላትም ገድሎ ዓይን አይከድንም። ይህን የሚያደርግ የሚወድደው ሰው ነው። ክሩ የማተብ ክር ነው፤ የሟቹ ማተብ አንገቱ ላይ አለ። ጋቢዎን ዝቅ ያድርጉት።»

ሙላቴ ጋቢውን ይበልጥ ወደ አገጩ ሳበው። አንዱ ፖሊስ ምንሽሩን ቀማው፣ ሌላው ጋቢውን ገለጠው። አንገቱ ባዶ ነው።

«አንድ ጊዜ ነው የመታሁት» አለ ሙላቴ። «ከቤትህ ውጣ እያለ እዚህ ድረስ ሲጎትተኝ ገፍትሬ መታሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ያሳደግሁትን ልጅ ሳይገነዝ ልተወው? ከዚያ ቤቴ መግባት አቃተኝ፤ በጫካው ስንከራተት ነው ናዳው የወረደው።»

ዘነበች ቁልቁል ተመለከተች። የሙላቴ ቤት ከነበረበት ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው፤ የጣራው ጫፍ እንኳ የለም። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ፊት ለፊት አየችው።

«ሊያወጣህ መጣ» አለችው። «አወጣህ።»